መልስ፦ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሰው መመረዙን በምን ያረጋግጡ ነበር?

ጤና ይስጥልኝ። በዚያ ዘመን አንድ ሰው ድንገት ሲሞት መርዝ መሆኑን እንዴት ያውቁ ነበር ላሉት፣ ጥሩ ማሳያ ሴት ልጁ ሜሪ በአጥሚት ውስጥ መርዝ ሰጥታ ገድለዋለች የተባለችበት የእንግሊዛዊው የፍራንሲስ ብላንዲ ጉዳይ ነው (ሄንሊ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1751)።

በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ ሕግ መጀመሪያ የሚመጣው ድንገተኛ ሞትን የሚመረምረው ኮሮነር የሚባለው ሹም ነበር። ቢያንስ 12 ሰዎችን አስምሎ ሬሳውን በዓይናቸው እንዲያዩ ያደርግ ነበር፤ ሬሳው ሳይታይ ምርመራው አይጸናም ነበር።

ዋናው ማስረጃ ግን የተገኘው ከማብሰያው ነው። የቤት ሠራተኛዋ የአጥሚቱ ድስት ሥር አሸዋ የመሰለ ነጭ ዝቃጭ አይታ፣ ሳታጥብ ቆልፋ አኖረችው። ብታጥበው ኖሮ ሐኪሙ የሚመረምረው ነገር ባልነበረ!

ዶክተር አንተኒ አዲንግተን ዱቄቱን በጋለ ብረት ላይ በተነው፤ ወፍራም ነጭ ጭስና የነጭ ሽንኩርት ሽታ ወጣ። ቀጥሎ ከመድኃኒት ሻጭ የተገዛ አርሰኒክ የሚባል መርዝ ጎን ለጎን አድርጎ፣ ሁለቱን በተመሳሳይ ፈሳሾች ፈተነ፤ ውጤታቸው አንድ ሆነ። ማነጻጸሩ ነው እንግዲህ ትልቁ እርምጃ፣ ምክንያቱም ሽታ ብቻውን ያሳስታል።

ድክመቱ፣ በሰውነት ውስጥ የገባውን አርሰኒክ ከሬሳው አውጥተው ማሳየት አለመቻላቸው ነው። ሬሳው ሲከፈት የሚታየው የጨጓራና የአንጀት መቆጣት ነው፤ ትውከቱና ተቅማጡም ከከባድ የሆድ በሽታ አይለይም። ይህን የፈታው፣ የማርሽ ምርመራ የሚባለው የአርሰኒክ መለያ ዘዴ የመጣው በ1836 ነው። ሜሪ ግን ከዚያ በፊት፣ በ1752፣ አባቷን በመግደል ተፈርዶባት ተሰቅላለች።