መልስ፦ ሄሲያኖቹ ቅጥረኞች ነበሩ?

ወዳጄ፣ «በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ከእንግሊዝ ጎን የተሰለፉት ጀርመኖች ገንዘብ ፍለጋ የሄዱ ቅጥረኞች ናቸው? በትሬንተን የተማረኩትስ ሰክረው ነው?» ብለህ ጠይቀሃል።

የተከራየው ጦሩ ነው፤ አከራዩም መስፍኑ። ያን ጊዜ ጀርመን የሚባል አንድ መንግሥት አልነበረም። የሄሰ ካሰል ገዢ ዳግማዊ ፍሬድሪክ በ1776 (ዘመኑ በፈረንጆቹ ነው) ከእንግሊዝ ጋር ተዋውሎ ሬጅመንቶቹን ከነመኮንኖቻቸው ላከ። ብራውንሽቫይግና ሌሎች ትንንሽ ግዛቶችም እንዲሁ አደረጉ። በድምሩ ወደ 30,000 ሰው ባሕር ተሻገረ፤ ከግማሽ በላዩ ከሄሰ ካሰል ስለነበረ ሁሉም «ሄሲያን» ተባሉ። ወታደሩ ደመወዝ ነበረው፤ ኪራዩ ግን የገባው መስፍኑ ካዝና ውስጥ ነው። እኔን ከሁሉ የሚዘገንነኝ የብራውንሽቫይግ ውል ነው። ለሞተ ወታደር ካሳ ሲሰላ ሦስት ቁስለኛ እንደ አንድ ሟች ይቆጠራል ይላል! በግ ነጋዴ እንኳ እንዲህ አይዋዋልም።

ስካሩን በተመለከተ፣ ወሬው ከማስረጃው ይበልጣል። ዲሴምበር 26 ቀን 1776 ማለዳ የአሜሪካኖቹ ጦር አዛዥ ዋሽንግተን ዴላዌር ወንዝን ተሻግሮ ትሬንተን ከተማ ላይ ሲደርስባቸው፣ ለቀናት በተደጋጋሚ ጥቃትና በጥበቃ የዛሉ ሰዎች ነበሩ። ወደ 900 ያህሉ ተማረኩ፤ አዛዣቸው ኮሎኔል ራል ቆስሎ ሞተ።

የአሜሪካኖቹ ምክር ቤት፣ ኮንግረሱም፣ ከድቶ ለሚመጣ ወታደር 50 ኤከር መሬት እሰጣለሁ ብሎ በጀርመንኛ ወረቀት አስበትኖ ነበር። ከምርኮኞቹ ብዙዎቹ በፔንስልቬንያ ቋንቋቸውን በሚናገሩ ገበሬዎች መካከል ሠርተዋል። ጦርነቱ ሲያበቃ ወደ 5,000 የሚጠጉት እዚያው አሜሪካ ቀሩ።