ጠዋት «ጠጠጠ»፣ ሲሞቅ ዝም

ዲኤክስህ (ቶዮታ ኮሮላህ) ጠዋት ስትነሳ «ጠጠጠ» ትላለች፣ ሲሞቅ ድምፁ ይጠፋል፣ ጭሱ ወደ ውስጥ ይሸታል፤ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) ላይ ማጣበቂያ ለጥፌ ልገላገል ወይ ነው ያልከው። አቦ ተው! የተበላ ማርሚታ ሞቀም ቀዘቀዘም ያጓራል። ሲቀዘቅዝ ጮሆ ሲሞቅ ዝም የሚለው አብዛኛውን ጊዜ የማኒፎልድ ጓርኒሲዮን ነው፦ ጭሱን ከሞተሩ የሚቀበለው ብረት (ማኒፎልዱ) ከሞተሩ ጋር ሲገጥም መሀል የሚገባው ማሸጊያ፤ ብረቱ ሲግል ይለጠጥና ክፍተቱን ይደፍነዋል።

ለማረጋገጥ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ፣ ደጅ አውጥተህ አስነሳት። አንድ ሰው ጎን ቆሞ የጭስ ማውጫውን ጫፍ በወፍራም እርጥብ ጨርቅ ለአፍታ ይጫንልህ፣ አንተ ኮፈኑን ከፍተህ አዳምጥ። የሚያፈሰው ጋ «ፍስስ» ይላል። መገጣጠሚያው ዙሪያ ጥላሸት ካየህማ አለቀ።

ፈተናው ማኒፎልዱን የያዘው ብሎን ነው። የዝገት ማላቀቂያ ነፍተህ አሳድረው። ከዚያ ትንሽ ፈታ፣ መልሰህ ጠበቅ፣ እንደገና ፈታ። መፍቻው ሲዞር ብሎኑ ሳይላቀቅ እንደ ላስቲክ ልል ብሎ ከተሰማህ አቁም፣ ሊበጠስ ነው። ቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ውስጥ ተበጥሶ የቀረ ብሎን ማስወጣት ከጓርኒሲዮኑ ዋጋ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ እዚያ ላይ ሳትደርስ ለጋራዥ ስጥ።

ማኒፎልዱ ሲወጣ ፊቱን ጠርገህ ቀጥ ያለ ብረት ጫንበት። በስሩ ብርሃን ካሳለፈ ተጣሟልና ቶርኖ ቤት (ብረት የሚያስተካክሉበት) ውሰደው። ከተሰነጠቀ በተራ ኤሌክትሮድ አታስበይድ፣ ካስት አይረን ስለሆነ አይዝም። አዲሱን ጓርኒሲዮን ስትገጥም ብሎኖቹን ከመሀል ወደ ዳር፣ በየተራ፣ ጥቂት በጥቂት እሰር። አንዴ ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ ደግመህ ፈትሽ።

የሚያፈሰው የኋላው የጭስ ቧንቧ ከሆነ ግን ቀላል ነው፤ ላሜራ ጠቅልለህ በፋሼታ (ማሰሪያ ቀለበት) ብታስረው ለጊዜው ይይዛል። የጎማ መስቀያዎቹን ግን እያቸው። ተበጥሰው ከሆነ ቧንቧው ሲወዛወዝ የጠገንከው ራሱ ይሰነጠቃል።

ሽታውን አትናቀው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ራሱ ሽታም ቀለምም የለውም፣ የምታሸተው አብሮት የሚወጣውን ጭስ ነው። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመረህ ወዲያው ወርደህ አየር ውሰድ። እስኪሠራ ድረስ ልጆች ጭነህ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎን ዳገት አትውጣ። መስኮት እከፍታለሁ ብለህም አትመካ፤ ወደ ሐረር ስትቃረብ ብርዱ ያዘጋሃል፣ ክፍትም ሆኖ ጭሱን ወደ ውስጥ ሊስበው ይችላል።

ጓርኒሲዮኑን ስትገዛ የሞተሩን ዓይነት ይዘህ ሂድ። 4ኬ የሚባለው የቶዮታ ሞተር ከሆነ የአየርና ነዳጅ ማስገቢያው ማኒፎልድና የጭስ ማውጫው ማኒፎልድ አንድ ጓርኒሲዮን ይጋራሉ፣ ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተርም አብሮ ይነካል። ደግሞ ጠዋት ሂድ፤ በርጫ (የጫት ቆይታ) ከተጀመረ ቀና ብሎ የሚያይህ የለም።