እስቲ እግርህን አሳየኝ

ልጆቼ፣

የጎረቤቴ ልጅ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ነው የምትማረው። ዘንድሮ ስለ ንግግር ጥበብ እየተማረች ነው። ባለፈው እሑድ ቡና ላይ ደብተሯን ይዛ መጣችና «ጋሼ፣ ሰው የሚያምነው በሦስት ነገር ነው» አለችኝ። የተናጋሪው ማንነት፣ የሰሚው ስሜት፣ የነገሩ ማስረጃ። የግሪኩ ፈላስፋ አሪስቶትል ከ2,300 ዓመት በፊት ያስተማረው ነው። ደስ አለኝ። ሠላሳ ዓመት በግብርና ባለሙያነት ገበሬ ሳሳምን ኖሬ፣ የሥራዬን ስም የሰማሁት ያን ቀን ነው።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። አሪስቶትል አመኔታው ከንግግሩ ከራሱ ይምጣ ይላል፤ ሰው ስለ ተናጋሪው አስቀድሞ ከሚያስበው መሆን የለበትም። እኔ ጣና ሐይቅ ዳር፣ ፎገራ ላይ ያየሁት ሌላ ነው።

እምቦጭ የሚባለው የውሃ አረም ጣና ላይ መታየት የጀመረው በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ገበሬው ወጥቶ በእጁ እንዲነቅል ልቀሰቅስ ሄድኩ። አንድ ሰዓት ሙሉ አወራሁ። በሁለት ሳምንት እጥፍ ይሆናል፣ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፣ ዓሣውን አየር ያሳጣዋል አልኩ። ሁሉም እውነት ነበር። አንድ ሽማግሌ ተነሡና ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰበሰቡ። ቅልጥማቸው ከማከክ ብዛት ቆስሏል። «እኔ ባለፈው ወር ገብቼ ነቅያለሁ። አንተስ? እስቲ እግርህን አሳየኝ» አሉ። ጫማዬ እንኳ አልረጠበም ነበር። ሰዉ አንድ በአንድ ተበተነ።

ወረታ ከተማ አደርኩ። እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። በሳምንቱ ተመልሼ ከእነሱ ጋር እስከ ወገቤ ገባሁ። እምቦጭ ከሩቅ ቀላል ይመስላል። ሲነቀል ግን ሥሩ ውሃ ይዞ ነው የሚወጣው፤ ትከሻ ይቆርጣል። እኩለ ቀን ላይ እኔንም ያሳክከኝ ጀመር። ምሳ ስንበላ ሽማግሌው አጠገቤ ተቀምጠው የልባቸውን ነገሩኝ። ለካ ማሳከኩ ብቻ አይደለም። ዘመቻው የሚጠራው ሩዙ ለአጨዳ በደረሰበት ሰሞን ነው። በዚያ አንድ ሰዓት ውስጥ ይህን አንዴም አልጠየቅኩም። ከዚያ በኋላ የሚወጡበትን ቀን እነሱ መረጡ፣ እኔ ተከተልኩ።

በአቴና አደባባይ ንግግር ብቻውን ይበቃ ይሆናል። እኛ ዘንድ ግን ሰሚህ ነገ ለቅሶ ቤት አብሮህ የሚቀመጥ ሰው ነው። ያውቅሃል።

ትምህርቱን ግን አደራ፣ በደንብ ተማሩት። ያኔ ባውቀው ኖሮ ያንን ሁሉ ቁጥር አልደረድርም ነበር። ብቻ ንግግር ከመጻፋችሁ በፊት እምቢ የሚላችሁን ሰው ፈልጉት። አጠገቡ ቁጭ በሉ። ሲናገር አታርሙት፣ አታቋርጡት። ይህ ከባድ ነው፤ እኔ ዛሬም ይከብደኛል።

ልጅቷ ክፍል ውስጥ የምታቀርበው ንግግር ሐይቁ ዳር ስለሚጣል የውሃ ፕላስቲክ ነው። መጀመሪያ ባለጀልባዎቹን አነጋግሪ አልኳት። ትናንት ደወለች። አንዱ ሁለት ሰዓት አውርቷታል። «መጣያው የታለ?» እያለ ዳርቻውን ይዟት ዞሯል። የጻፈችውን ቀድዳ እንደ አዲስ ልትጀምር ነው።