ቀብዱን ክፈይ፣ ስረዛውን ግን ለእነርሱ ተዪላቸው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እናትሽ በጁን ከአዲስ አበባ ይመጣሉ። ሰባኛ ዓመታቸውን ልታከብሪላቸው ጁላይ 16 ቀን ከባልቲሞር ወደብ በሚነሳ መርከብ፣ ስድስት ሆናችሁ ለሰባት ቀን ወደ ባሃማስ ልትወስጃቸው አስበሻል። የጉዞ ወኪሉ «በዚህ ሳምንት ካልከፈላችሁ ዋጋው ይጨምራል» እያለ ወጥሮ ይዞሻል። በሌላ በኩል በዚህ በ2022 መጀመሪያ ኦሚክሮን የሚሉት አዲሱ የኮሮና ዝርያ መጥቶ ሰው ሁሉ እንደገና እያሳለ ነው፤ ልክፈል ወይስ ልተወው ነው ጥያቄሽ። ከእኔ በፊት ከመለሱልሽ ግማሾቹ «አብደሻል እንዴ» ብለውሻል፣ ግማሾቹ ደግሞ «እግዚአብሔር ያውቃል፣ ሂጂ»። ከሁለቱም ወገን ለመርከብ ገንዘብ ከፍሎ የሚያውቅ ያለ አልመሰለኝም። እኔ ከፍያለሁ፣ ተቃጥያለሁ፣ ከዚያም ሄጃለሁ።

በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ስለሠራሁ ስለ ቫይረሱ አንድ ሰዓት ላወራሽ እችል ነበር፤ ግን እርሱን አንቺም ታውቂዋለሽ። የማወራሽ ስለ ገንዘቡ ነው።

1. ፈርተሽ ቀድመሽ አትሰርዢ። ይህ ምክር አንድ ሺህ አንድ መቶ ዶላር የተከፈለበት ስለሆነ አንደኛ አድርጌዋለሁ።

በ2020 ጃንዋሪ እቁቤ ወጣልኝ። ልጆቹ በስፕሪንግ ብሬክ ትምህርት ቤት የሚዘጋላቸው ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ስለሆነ፣ ለእኔ፣ ለባለቤቴ፣ ለሦስቱ ልጆችና ያኔ ከእኛ ጋር ትኖር ለነበረችው እናቴ ኤፕሪል 4 ቀን ከባልቲሞር የሚነሳ መርከብ ላይ ሁለት ክፍል ያዝኩ። እናቴ «በሁዳዴ ጾም መርከብ ላይ ምን ልበላ ነው?» ብላ ሳምንት ሙሉ አኩርፋ ነበር፤ ሽሮ ይዤልሽ እመጣለሁ ብዬ አስታረቅኳት። የስድስታችን ሒሳብ 4,860 ዶላር ሆነ፤ በዚያ ላይ ኢንሹራንስ 420። ጉዞው ከዘጠና ቀን ያነሰ ስለቀረው ቀብድ ብቻ ብሎ ነገር አልነበረም፣ ሙሉውን አስከፈሉኝ። የእቁብ ገንዘብ ባንክ ገብቶ ስለነበር ቼክ ጽፌ ለወኪሉ ሰጠሁ። ቼኩን ልብ በዪው፣ እመለስበታለሁ።

ፌብሩዋሪ ላይ የዚያ ኮሮና ገብቶበት ጃፓን ዮኮሃማ ወደብ የቆመ መርከብ ወሬ መጣ። ሦስት ሺህ ሰባት መቶ ሰው ተሳፍሮበት፣ ከሰባት መቶ በላይ ሰው ተይዞ፣ መንገደኛው በመስኮት እጁን ሲያውለበልብ በየቀኑ በቴሌቪዥን እናይ ነበር። ባለቤቴ «ይኼ ጃፓን ነው» ይለኛል፤ እኔ ሌሊት አልተኛም። ማርች 11 ቀን የዓለም ጤና ድርጅት ወረርሽኝ ነው ብሎ አወጀ። በማግስቱ ሐሙስ አለቃዬ ሰብስባን፣ መርከብ የተሳፈረ ሰው ሲመለስ አሥራ አራት ቀን ያለ ደመወዝ ቤቱ ይቀመጣል አለችን። እኔም ከሥራ ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ እንደተቀመጥኩ ለወኪሉ ደወልኩና ሰርዙልኝ አልኩ። ኢሜይል ላኩልኝ፣ «እስማማለሁ» የሚለውን ተጫንኩ። በቃ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሉ የለ!

ዓርብ ማርች 13 ከሰዓት በኋላ ትልልቆቹ የመርከብ ኩባንያዎች ራሳቸው ጉዞ ማቆማቸውን አስታወቁ። (አዲስ አበባም የመጀመሪያው ሕመምተኛ መገኘቱ የተነገረው በዚሁ ዕለት ስለነበር እናቴ ስልክ ላይ ስታለቅስ ነው ዜናውን የሰማሁት።) ቅዳሜ ደግሞ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል መርከብ እንዳይነሳ የሚያዝ ትእዛዝ አወጣ። ኩባንያው ራሱ የሰረዘባቸው ሰዎች ምርጫ ተሰጣቸው፤ ወይ ሙሉ ገንዘባቸውን መውሰድ፣ ወይ በከፈሉት ላይ ሃያ አምስት በመቶ ተጨምሮበት ለወደፊት ጉዞ የሚሆን ክሬዲት መያዝ። እኔ ግን ከሃያ አራት ሰዓት በፊት «በራሷ ፈቃድ የሰረዘች» ሆኜ ተመዝግቤአለሁ። ለእንደኔ ዓይነቱ ቅጣቱን ምረው በከፈለው ልክ ክሬዲት ብቻ ነው የሰጡት። በጥሬ ገንዘብ የተመለሰልኝ ታክስና የወደብ ክፍያው ነው፤ 780 ዶላር፣ እርሱም ከአራት ወር በኋላ።

የሚያናድደኝን ልንገርሽ? አንዲት የእድራችን አባል እዚያው መርከብ ላይ ቦታ ይዛ ነበር። ሴትየዋ ስልክ የማታነሳ፣ ኢሜይል የማትከፍት፣ ለእድር ስብሰባ እንኳን ሁልጊዜ የምትዘገይ ናት። ምንም ሳታደርግ ቁጭ አለች። ጁን ላይ ሙሉ ገንዘቧ ገባላት። እስከ ዛሬ «አንቺማ በጣም ፈጣን ነሽ» ትለኛለች።

ወደ ወኪሉ ቢሮ ልውሰድሽ። የአገራችን ልጆች የከፈቱት ነው፣ ስሙን አልጠራም። ሰኞ ደወልኩ፣ አያነሱም። ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ እንደዚያው። ኩባንያውን ስጠይቅ ደግሞ ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ሙዚቃ ካሰሙኝ በኋላ «በወኪል ስለያዝሽ ከአንቺ ጋር መነጋገር አንችልም፣ ወኪልሽ ይደውልልን» አሉኝ። በአካል ሄድኩ፤ በሩ ላይ «ለጊዜው ዝግ ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፣ ውስጥ ግን መብራት ይበራል። አንኳኳሁ። አንድ ልጅ በመስታወቱ በኩል አየኝና ዞሮ ወደ ጓዳ ገባ። በሦስተኛው ሳምንት ስልክ የተነሳልኝ ከልጄ ቁጥር ስለደወልኩ ነው። ያነሳችው ልጅ «እመቤት፣ ሰርዢ ብለን አላስገደድንሽም፣ የተስማማሽበት ኢሜይል እዚህ አለ» ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። በቼኩ ጊዜ ግን «እናታችን ነሽ» እያሉ ሻይ አፍልተውልኝ ነበር።

ኢንሹራንሱም አልከፈለኝም። የያዝኩት ተራው ዓይነት ነው፤ ብትታመሚ፣ የቅርብ ዘመድ ቢሞትብሽ ይከፍላል፣ ፈርቼ ቀረሁ ብትይው አይከፍልም። «በማንኛውም ምክንያት ብሰርዝ» የሚል ሌላ ዓይነት አለ፤ ይወደዳል፣ የሚመልሰውም ከሃምሳ እስከ ሰባ አምስት በመቶ ያህሉን ነው፣ ግን ለፍርሃትም ይከፍላል። ቀብድ ከከፈልሽ በኋላ ባሉት ሁለት ሦስት ሳምንታት ውስጥ ካልገዛሽው አይሸጡልሽም፣ ለመሰረዝም አብዛኞቹ ቢያንስ ሁለት ቀን ቀደም ብለሽ እንድታሳውቂ ይፈልጋሉ። ወኪሉ ከሚሸጥልሽ ጋር አታምታቺው።

2. በክሬዲት ካርድ ክፈይ። ቼክ፣ ዴቢት ካርድ፣ በስልክ የሚላክ ገንዘብ፣ አንዱንም አትስጫቸው። በክሬዲት ካርድ የተከፈለበት አገልግሎት ካልተሰጠሽ፣ ሒሳቡ ከተላከልሽ በስልሳ ቀን ውስጥ ለባንኩ በጽሑፍ መቃወም የምትችይበት በ1974 የወጣ ሕግ አለ። እውነቱን ለመናገር እኔን ራሴ ስለሰረዝኩ ላያድነኝ ይችል ነበር። ነገር ግን ባንክ ሲጽፍለት ስልክ የማያነሳ ወኪል አላየሁም።

3. ቀኑን እወቂ። ጥያቄሽ «ልክፈል ወይስ ልተው» መሆኑ ላይ ነው የማልስማማው። ቀብዱ ብዙውን ጊዜ ጥቂት መቶ ዶላር ነው፤ ተመላሽ የሚሆንና የማይሆን ሁለት ዓይነት ስላለ፣ ትንሽ ቢወደድም ተመላሽ የሚሆነውን ብለሽ ጠይቂ። ትልቁ ገንዘብ የሚጠየቀው ከመነሻው ዘጠና ቀን ገደማ ሲቀረው ነው። ከጁላይ 16 ወደ ኋላ ስትቆጥሪ ኤፕሪል 17 ላይ ያደርስሻል፣ የዘንድሮ ሆሳዕና ማለት ነው። ትክክለኛውን ቀን ውሉ ላይ እይው፤ በየኩባንያው ይለያያል። እስከዚያ ድረስ ሦስት ወር ማሰቢያ አለሽ። የሆሳዕና ሳምንት በሽታው እንዳሁኑ ከሆነ ተመላሹን ቀብድ ተቀብለሽ ውጪ። ሙሉውን ከከፈልሽ በኋላ ነገር ከተበላሸ ግን ጥርስሽን ነክሰሽ ተቀመጪ፤ ቅጣቱ የሚጨምርባቸውን ቀኖች እያየሽ፣ እነርሱ እስኪሰርዙ ጠብቂ።

የበሽታ መቆጣጠሪያው ማዕከል ዲሴምበር 30 ቀን 2021፣ ክትባት የወሰደም ቢሆን ከመርከብ ጉዞ ይታቀብ ብሎ ማስጠንቀቂያውን የመጨረሻው ደረጃ ላይ እንዳደረሰው ሰምተሻል። ማስጠንቀቂያ ክልከላ አይደለም። መርከቡ እየሄደ አንቺ ማስጠንቀቂያውን አይተሽ ብትቀሪ፣ የቀረሽው በራስሽ ፈቃድ ነው የሚሉሽ። እንደኔ ማለት ነው።

4. የእናትሽ ፓስፖርት። ይህን ማንም አላነሳልሽም። መርከቡ ከባልቲሞር ተነስቶ ባልቲሞር ቢመለስም እናትሽ ከአሜሪካ ወጥተው እንደገና እንደገቡ ነው የሚቆጠረው። ቪዛቸው አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ ጉዞው አይታሰብም። እነዚህ መርከቦች አብዛኞቹ የባሃማስና የፓናማ ባንዲራ የሚያውለበልቡ ናቸው፤ በ1886 በወጣ ሕግ ምክንያት የውጭ መርከብ የውጭ ወደብ ሳይረግጥ መንገደኛ ጭኖ አሜሪካ ውስጥ ብቻ ተዘዋውሮ እንዲመለስ አይፈቀድለትም። ስለዚህ ባሃማስ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ምን እንደሚጠይቅ ወኪሉ በኢሜይል ይጻፍልሽ። በቃል «ችግር የለም» ካለሽ ችግር አለ ማለት ነው። የጤና መድናቸውም ከአሜሪካ ውጭ ይሠራ እንደሆነ ጠይቂ፣ መርከብ ላይ ያለው ሐኪም የሚያስከፍለው በክፍላችሁ ሒሳብ ላይ ነው። ክትባታቸው አስትራዜኔካ ከሆነ አትጨነቂ፤ አሜሪካ ውስጥ ባይሰጥም የዓለም ጤና ድርጅት ያጸደቀው ስለሆነ የበሽታ መቆጣጠሪያው ማዕከል በዚህ በ2022 መጀመሪያ ይቆጥረዋል። ካርዱ ላይ ያለው ስም ግን ከፓስፖርቱ ጋር አንድ ፊደል እንኳን እንዳይለያይ፤ የአያት ስም የቀረበት ካርድ ብዙ ነው።

ተራ ቁጥሩ እዚህ ይበቃኛል፤ የቀረው የራሴ ጉዞ ነው። ክሬዲቱ እስከ 2021 መጨረሻ ካልተጠቀምንበት ይቃጠል ስለነበር ባለፈው ኦክቶበር አምስት ሆነን ከማያሚ ተሳፈርን። መነሻው ሁለት ቀን ሲቀረው ተመርምረን፣ የዘጠኝ ዓመቱ ልጄ ያኔ ለእርሱ ዕድሜ ክትባት ስላልተፈቀደ ወደቡ ላይ ድጋሚ አፍንጫው ተነክቶ፣ እያለቀሰ ገባ። መርከቡ ግማሹ ባዶ ነበር። ምግቡን ራስሽ አታነሺም፣ ጓንት ያደረገ አስተናጋጅ ነው የሚያወጣልሽ፤ ሚጥሚጣዬን ግን በቦርሳዬ ይዤ ነበር። ልጁ ስላልተከተበ ወደብ ላይ መውረድ የቻልነው መርከቡ ራሱ ባዘጋጀው ጉዞ ብቻ ነበር፣ እርሱም ለብቻው ይከፈላል። ሦስተኛው ቀን ማታ ሰገነቱ ላይ ቆሜ፣ ሁለት ዓመት ገደማ በወረርሽኝ መካከል የአረጋውያን ቤት ከሠራሁ በኋላ፣ ከባሕሩ በቀር ምንም የማይሰማበት ቦታ ደረስኩ። አልጸጸትም። በ2021 ዲሴምበር የካሪቢያን ደሴቶቹ ቦኔርና አሩባ መርከብ አላስገባም ብለው መልሰዋል፤ እንደዚያ ሲሆን ሌላ ወደብ ይወስዱሻል እንጂ የጉዞሽን ዋጋ አይመልሱም፣ እወቂው።

የእናቴ 680 ዶላር ግን ውሃ በላው፤ ከኢንሹራንሱ 420 ጋር መጀመሪያ ያልኩሽ አንድ ሺህ አንድ መቶ ይኸው ነው። ክሬዲቱ የተጻፈው በየሰው ስም ነው፣ ለሌላ አይተላለፍም። እርሷ በ2020 መጨረሻ ለወንድሟ ለቅሶ አዲስ አበባ ሄዳ እዚያው ቀረች። ነይ ቢሏት «ከእንግዲህ መርከብ አይደለም ባጃጅ አልሳፈርም» አለች። አሁንም ስንደዋወል ያ ገንዘብ ተመለሰልሽ ወይ ትለኛለች፤ ተመልሷል እላታለሁ።

ወኪሉን ዛሬውኑ ኢሜይል ጻፊለት፤ ቀብዱ ተመላሽ ነው ወይ፣ የመጨረሻው ክፍያ መቼ ነው፣ ከመሳፈራችን በፊት አንዳችን ቫይረሱ ቢገኝብን አብሮ የሚቀረው ቤተሰብ ገንዘብ ይመለሳል ወይ፣ በጥሬ ነው በክሬዲት። መልሱን ከውሉ ጋር ብትልኪልኝ አብረን እናነበዋለን። ማክሰኞ ዕረፍት ነኝ።