ከስትሮክ በኋላ ስለሚታዘዙ መድኃኒቶች፦ ፋርማሲስቱን ይጠይቁ

ጥያቄ፦ አባቴ ስትሮክ ይዞት ግራ እጁ አልታዘዝ ብሎታል። አስፒሪን፣ አቶርቫስታቲንና አምሎዲፒን ታዘዘለት። እጁን የሚመልስለት የትኛው ነው?

መልስ፦ አንዳቸውም አይመልሱለትም። የሦስቱም ሥራ ሁለተኛ ስትሮክ እንዳይመጣ መከላከል ነው። አስፒሪን ደም እንዳይረጋ ይረዳል፣ አቶርቫስታቲን ኮሌስትሮል ይቀንሳል፣ አምሎዲፒን ግፊት ያወርዳል። እጁን የሚያሠራው ፊዚዮቴራፒ ነው። ይህ ሳይነገራቸው ወደ ቤት የሚሄዱ ብዙ ናቸው። «ሁለት ወር ዋጥኩት፣ እጄ እንደሆነ ያው ነው» ብለው ይተዉታል፤ እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

ጥያቄ፦ ግፊቱ 120/80 ገብቷል። ኪኒኑ ይቁም?

መልስ፦ የለም። 120 የገባው እኮ እየዋጠው ስለሆነ ነው። አምሎዲፒን ቁርጭምጭሚት ሊያሳብጥ፣ ሌላው የግፊት ኪኒን ኢናላፕሪል ደግሞ ደረቅ ሳል ሊያመጣ ይችላል። እንዲህ ካስቸገረው ለሐኪሙ ይንገረው፣ ይቀየርለታል።

ጥያቄ፦ ለጎረቤታችን አስፒሪን ታዟል፣ ለእናቴ ግን አልታዘዘም። ትጀምር?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! አንዱ ስትሮክ የደም ሥር ተዘግቶ የሚመጣ ነው፣ ሌላው ደም ሥር ፈንድቶ። ለመጀመሪያው የሚታዘዘው አስፒሪን ሁለተኛውን ሊያባብስ ይችላል። የሚለያቸው ሲቲ ስካን ነው።

ጥያቄ፦ የልብ ቫልቭ ችግር አለብኝ፤ ከስትሮኩ በኋላ ዋርፋሪን ጀመርኩ። ጎመን አትብዪ ተባልኩ። ሁዳዴ ሲገባ ምን ልብላ?

መልስ፦ ጎመኑን ይብሉ፣ መጠኑ ግን አይዋዥቅ። ዋርፋሪን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ነው፤ ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ ጉልበቱን ይቀንሰዋል። በፍስክ ወራት ጎመን ሳይነኩ ቆይተው ሁዳዴ ሲገባ በየቀኑ ከበሉ፣ አይኤንአርዎ (ደምዎ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ በምርመራ የሚታወቅበት ቁጥር) ይወርድና ደም ሊረጋ ይችላል። በፋሲካ ጎመኑን ድንገት ሲተዉት ደግሞ ወደ ላይ ይወጣል፣ ያኔ የሚያሰጋው መድማት ነው። ለብዙ ሰው የሚፈለገው ከ2 እስከ 3 ነው፤ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ያለው ሰው ግን ከዚያ ከፍ ሊባልለት ይችላል። ጾሙ ሲገባም ሲፈታም ይመርመሩ።

ከጎመን የባሰ አንድ ነገር ልንገርዎ። ሆድ ሲቆርጠን «አሜባ ነው» ብለን ያለ ማዘዣ የምንገዛው ሜትሮኒዳዞል አይኤንአርን ሽቅብ ይሰቅለዋል። ባክትሪም የሚባለው አንቲባዮቲክም እንዲሁ። ፋርማሲ ሲገቡ መጀመሪያ «ዋርፋሪን እወስዳለሁ» ይበሉ።

በሩማቲክ የልብ ሕመም የተጎዳ ቫልቭ ላላቸውና የልብ ምታቸው ለተዛባ ሰዎች ሪቫሮክሳባን የሚባለው ሌላ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት እንደ ዋርፋሪን አልሆነም፤ በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣ ትልቅ ጥናት አሳይቶታል። ስለዚህ ዘመድ ከውጭ ቢልክልዎ በራስዎ እንዳይቀይሩ።

ጥያቄ፦ የባለቤቴ እግር ስለሚገተር ባክሎፌን ታዘዘለት። እንቅልፍ አበዛበት፤ ላስቁመው?

መልስ፦ በአንድ ጊዜ አያስቁሙት። ድንገት ሲቋረጥ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥና ቅዠት ሊያመጣ ይችላል። ሐኪሙ ቀስ በቀስ ይቀንስለታል።

ጥያቄ፦ ፍሉክሰቲን ከስትሮክ ቶሎ ያድናል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ለድብርት ከታዘዘ ይዋጥ፤ ከስትሮክ በኋላ ድብርት ብዙ ሰው ያገኛል። የእጅና የእግርን ማገገም ያፈጥናል መባሉ ግን አልጸናም። በ2018 እ.ኤ.አ. ከ3,000 በላይ ሕሙማን ላይ የተደረገ የብሪታንያ ጥናት ጥቅም አላገኘም፤ እንዲያውም የአጥንት ስብራት ጨምሯል።

ጥያቄ፦ ለትከሻ ሕመም ዲክሎፌናክስ?

መልስ፦ ከአስፒሪን ጋር ጨጓራ ያደማል፣ ግፊትም ይጨምራል። ፓራሲታሞል ይሻላል።

ጥያቄ፦ እናቴ ለመዋጥ ትቸገራለች። ኪኒኑን ፈጭቼ ልስጣት?

መልስ፦ ሁሉም አይፈጭም። አንጀት ውስጥ እንዲሟሟ ተሸፍኖ የተሠራውን አስፒሪን አይፍጩት፤ የሚሟሟው ዓይነት አለ፣ እሱን ይጠይቁ። ውኃ ስትጠጣ ትን የሚላት ከሆነ ግን ከኪኒኑ በፊት ስለ አዋዋጧ ሐኪም ይያት።