ከሥራችሁ ጋር ዶክትሬት ለምትጀምሩ የኤች አር (የሰው ሀብት አስተዳደር) ልጆቼ

ሰላም ለእናንተ ይሁን ልጆቼ።

ፀጉሬ የሸበተው ጎንደር ውስጥ በሠራተኛ አስተዳደር ሥራ ላይ ነው። ሦስተኛ ዲግሪዬንም የሠራሁት ከቢሮ ሳልወጣ ነው። ፒያሳ ስወርድ ወይም ማራኪ ግቢ አካባቢ ወጣቶች ሲያገኙኝ ያው ጥያቄ ይመጣል፤ «ጋሼ፣ እየሠሩ ፒኤችዲ ይቻላል ወይ?» ይቻላል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በኤች አር ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ሠራተኛን ሲያጠና እውነቱን የሚነግረው ሰው ያገኛል ወይ? ይህን የምጽፍላችሁ በዋናነት ለዚህ ነው።

አስቀድሜ ስለ ገንዘብ ልናገር፤ ብዙዎቻችሁ በሆዳችሁ ይዛችሁት ለመጠየቅ ታፍራላችሁና። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ደመወዝ የሚቆረጠው ለሥራ መደቡ ነው። ጄኢጂ የምንለው የሥራ ምዘናና ደረጃ የሚመዝነው ሥራውን እንጂ የሠራተኛውን ዲግሪ አይደለም። የሰው ሀብት ዳይሬክተሩ ዶክተር ቢባል መደቡ ያው መደብ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ለማስተማር ለሚያስብ ነገሩ ይለያል፤ እዚያ ሦስተኛ ዲግሪ ማዕረግም ደመወዝም ያመጣል። ባላችሁበት ቢሮ ልትቆዩ ከሆነ ግን ደመወዝ ጭማሪን ምክንያት አድርጋችሁ አትጀምሩ። መሃል ላይ ትተዉታላችሁ።

የሚያስጨርሳችሁ ጥያቄው ነው። ከልባችሁ መልሱን ማወቅ የምትፈልጉት ጥያቄ።

ርዕስ ከኢንተርኔት አትልቀሙ። «የሥልጠና ተፅዕኖ በሠራተኞች አፈጻጸም ላይ፤ የእንትን ባንክ ሁኔታ» የሚል ጥናት በየዩኒቨርሲቲው መደርደሪያ ሞልቷል። የእናንተ ጠረጴዛ ላይ ግን በየቀኑ አዲስ ጥያቄ ይመጣል። ለምሳሌ በቀድሞው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 377/1996 የሙከራ ጊዜ 45 ተከታታይ ቀን ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወደ 60 የሥራ ቀን ከፍ አለ። የወሊድ ፈቃድም ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ሆነ። ይህ ለውጥ ጎንደር ውስጥ ባሉ ሆቴሎችና የግል ድርጅቶች ቅጥር ላይ ምን አመጣ? አሠሪው ወጣት ሴት ከመቅጠር ይሸሻል ወይስ አይሸሽም? ይህን አዲስ አበባ ተቀምጦ ከሚገምት ሰው ይልቅ ማመልከቻ የምትቀበለው ልጅ ታውቀዋለች።

ሌላም ልጨምር። አለንና ማየር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1990 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት መለኪያ ሰው በመሥሪያ ቤቱ የሚቆየው በሦስት ምክንያት ነው፤ ስለሚወደው፣ ቢለቅ የሚያጣው ስለሚበዛበት፣ ወይም መቆየት ግዴታዬ ነው ብሎ ስለሚያምን። እኛ ከተማ ብዙ አሠሪ የለም። አዘዞ ቤት የሠራ፣ እናቱን የሚጦር ሰው አልለቀቀም ማለት ሥራውን ወደደው ማለት አይደለም። ይህን ለይቶ የሚያሳይ ጥናት ለብዙ ኃላፊ ዓይን ይከፍታል።

ጥሩ የሰው ኃይል ጥያቄ ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ ለማየት ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1954 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ሆኖ ተጀመረ። ከጎንደር አጠገብ ያለውን ደምቢያን የወባ ወረርሽኝ ከመታው ብዙም አልቆየም ነበር። አገሪቱ በቂ ሐኪም አልነበራትም፤ ሐኪም ለማፍራት ደግሞ ብዙ ዓመት ይፈጃል። ታዲያ ሕዝቡን ማን ይድረስለት? መልሱ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ) በአንድ ላይ አሠልጥኖ በቡድን ወደ ገጠር መላክ ሆነ። የማን ሥራ ለማን ይሰጥ፣ በምን ያህል ጊዜ ይሠልጥን፣ ከማን ጋር ይሠማራ የሚል ጥያቄ ነበር። እኛ ዛሬ ኤች አር የምንለው ይኸው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

መጠይቅ ይዤ አንድ መሥሪያ ቤት የሄድኩ ጊዜ የጥበቃ ሠራተኛው ወረቀቱን አገላብጠው አዩና «ይሄ ለዕድገት ነው ለዝውውር?» አሉኝ። ለትምህርት ነው ብላቸውም ዓይናቸው አላመነኝም። ሁሉንም «በጣም እስማማለሁ» ላይ ምልክት አድርገው መለሱልኝ። እኚህ ሰው ዋሹ አልልም። ዕድሜ ልካቸውን ከኤች አር የመጣ ወረቀት አንድም ሲያዘዋውር፣ አንድም ሲቀጣ ነው ያዩት። ራሳቸውን ጠበቁ። እንዲህ የተሞላ መጠይቅ በመቶዎች ቢሰበሰብ፣ በኤስፒኤስኤስ (በስታቲስቲክስ ማስያ ፕሮግራም) ቢተነተን፣ ሠንጠረዡ ቢያምር፣ የሚለካው የሰውን ፍርሃት ነው።

ለዚህ ነው የምለምናችሁ፤ የአፈጻጸም ውጤቱን የምትፈርሙለትን ሰው አታጥኑ። ሌላ መሥሪያ ቤት ፈልጉ። ካልተቻለ ወረቀቱን የሚያድለውና የሚሰበስበው ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ የሆነ ሰው ይሁን፤ በአለቃ በኩል ፈጽሞ አይሂድ። የተሞላው ወረቀት በተቆለፈ ሳጥን ይግባ። ስም አለመጻፍ ብቻ አይበቃም። በአንድ ዳይሬክቶሬት ውስጥ ማስተርስ ያላት ሴት አንዲት ብቻ ከሆነች ፆታ፣ ዕድሜና የትምህርት ደረጃ ስትጠይቋት ስሟን ጻፊ እንዳላችኋት ቁጠሩት። የማያስፈልጋችሁን የግል መረጃ አትጠይቁ።

የግል ማኅደርም እንደዚሁ። የመዝገብ ቤቱ ቁልፍ በእጃችሁ መሆኑ ለጥናት ፈቃድ አይሆንም። ሠራተኛው ያን ወረቀት የሰጠው ለመሥሪያ ቤቱ ነው። የዩኒቨርሲቲውን የሥነ ምግባር ፈቃድ፣ የድጋፍ ደብዳቤውንና የመሥሪያ ቤቱን የጽሑፍ ስምምነት ሳትይዙ አንድ ገጽ አትክፈቱ። በዲሲፕሊን ኮሚቴ ተቀምጣችሁ የሰማችሁት ደግሞ እዚያው ይቅር፤ ስም ቀይራችሁም ቢሆን አትጻፉት። ጎንደር ትንሽ ከተማ ናት፤ ሰው ታሪኩን ያውቀዋል።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። ሁሴሊድ የተባለ ተመራማሪ በ1995 እ.ኤ.አ. ያሳተመው፣ የኤች አር አሠራርን ከድርጅት ውጤት ጋር ያያያዘው ጥናት በሙያችን ትልቅ ቦታ አለው። መጠይቁን የሞሉት ግን የየድርጅቱ የኤች አር ኃላፊዎች ነበሩ፤ ሠራተኛው ራሱ አልተጠየቀም። በሌላ በኩል ቺካጎ አጠገብ በሆቶርን ፋብሪካ ከ1928 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ20,000 በላይ ሠራተኞች በቃለ መጠይቅ ተነጋግረዋል። ጠያቂዎቹ የተዘጋጀ ጥያቄ ዝርዝር ይዘው ጀመሩ። ቆይተው ግን ዝርዝሩን ትተው ሰውየው የፈለገውን እንዲያወራ መተው ጀመሩ፤ እንደዚያ ሲሆን ብዙ ሰሙ። እናንተም ከመጠይቁ ጋር ረጋ ያለ ቃለ መጠይቅ አስገቡ። በቢሮ አይሁን፤ ሻይ ቤትም ቢሆን ሰው በማይሰማበት ጥግ። መቅረጫ ሲወጣ የሚዘጋ ሰው አለ፤ በማስታወሻ ያዙለት።

ስለ ምዝገባው ብዙ አልልም። የሰው ሀብት ዶክትሬት አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በማኔጅመንት ትምህርት ሥር ነው፤ ስለዚህ ከፕሮግራሙ ስም በፊት በእናንተ ጉዳይ ላይ የሚሠራ አማካሪ መኖሩን አጣሩ። በኦንላይን የውጭ ዩኒቨርሲቲ የምትመርጡ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ለዲግሪው አቻ ግምት ይሰጥ እንደሆነ በአካል ጠይቁ። በአጭር ጊዜ፣ ያለ ጥናት፣ በክፍያ ብቻ ዶክተር እናደርጋችኋለን ከሚሉት ራቁ፤ ሙያችን የሰውን የትምህርት ማስረጃ ማጣራት ሆኖ ሳለ በእንዲህ ያለ ወረቀት መገኘት ያሳፍራል። መሥሪያ ቤታችሁ የሚያስፈርማችሁን የትምህርት ውልም እያንዳንዱን መስመር አንብቡ። ስንት ዓመት መልሳችሁ ታገለግላላችሁ? ብታቋርጡ ምን ትከፍላላችሁ? ለሌላው ሠራተኛ የምታስነብቡትን ውል ለራሳችሁ ሳታነቡ እንዳትፈርሙ።

ጊዜን በተመለከተ ለቅሶ አትቅሩ። እዚህ አገር ከእድርና ከማኅበር ተለይቶ የተማረ ሰው ሲጨርስ ብቻውን ይቀራል። የሚቀነሰው የማታ ካፌና ስልክ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ያለው ጊዜ የእናንተ ነው፤ ቢሮ ከገባችሁ በኋላ ጭንቅላታችሁ የባለጉዳይ ነው። ከትዳር አጋራችሁ ጋር ደግሞ ሳትመዘገቡ በፊት ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ፤ ልጆቹን ማን ያስጠናል የሚለውን ሳይቀር። መብራትና ኔትወርክ ባለ ጊዜ ጽሑፎችን አውርዳችሁ ዞተሮ በሚባለው የጽሑፍ ማደራጃ ፕሮግራም ላይ አደራጁ፤ ነፃ ነው፤ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። መንገድ ሊዘጋ ስለሚችል ናሙናችሁን በሩቅ ወረዳዎች ላይ ብቻ አትጣሉት። ሆቴሎችን የምታጠኑ ጥር ላይ መጠይቅ ይዛችሁ አትሂዱ፤ በጥምቀት ሰሞን አስተናጋጅ እንኳን ሊጽፍ የሚቀመጥበት ጊዜ የለውም።

መጨረሻ ላይ የምለምናችሁ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር ነው። ዲፌንሱ (ጥናታችሁን በፈታኞች ፊት የምትከላከሉበት ቀን) ካለፈ በኋላ ያገኛችሁትን በሁለት ገጽ ንጹሕ አማርኛ ጻፉት። መጠይቁን ወደሞሉላችሁ ሰዎች ተመለሱና ራሳችሁ አንብቡላቸው፤ ከጽዳት ሠራተኛው ጀምሮ ሁሉም ይጠራ። ለኃላፊዎቹ ሌላ ቀን አድርጉት፤ አለቃ ባለበት ሰው አይናገርም። ከዚያ ይጠይቋችሁ። «እኛ ያልነው ይህን አይደለም» የሚል ካለ አትከራከሩ፤ ያለውን እንዳለ ጻፉት። ቀጣዩ የምርምር ጽሑፋችሁ ከዚያ ሊነሣ ይችላል።