ከሸራ ቆርጦ ደቂቃ መግዛት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፤ ነዋሪነቴ ጅማ፣ አጂፕ አካባቢ ሲሆን በሙያዬ የመካኒካል መሐንዲስ ነኝ። ታላቅ ወንድሜ በደቡብ እንግሊዝ የባሕር ዳርቻ ይኖራል። ከሦስት የሥራ ባልደረቦቹ ጋር ገንዘብ አዋጥተው በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ የተሠራች፣ ርዝመቷ ሰባት ሜትር ተኩል ገደማ የሆነች፣ «ኳርተር ቶን» የምትባል የውድድር ባለሸራ ጀልባ ገዝተዋል። ልዩ ልዩ ጀልባዎች አብረው ስለሚወዳደሩ ለእያንዳንዷ ሬቲንግ የሚሉት የማስተካከያ ቁጥር ይሰጣታል፤ የእነርሱ 0.905 ነው። አሁን ግን ባለንብረቶቹ ሊስማሙ አልቻሉም። አንደኛው የካርቦን ፋይበር ደቀል (ሸራው የሚሰቀልበት ምሰሶ) እንግዛ ይላል፣ ሁለተኛው ከሥሯ የሚወርደውን ክንፍ ቀይረን የእርሳስ ክብደት እናውርድላት ይላል፣ ሦስተኛው ሸራዋን አሳንሰን ቁጥሯን እናስቀንስ ባይ ነው። ወንድሜም ሰርተፍኬቷን በቴሌግራም ልኮ «መሐንዲሱ አንተ ነህ፣ ፍረደን» አለኝ። እኔ ደግሞ ባሕር እንኳ አይቼ አላውቅም። የትኛው ይቅደም? ቁጥር ለማስቀነስ ብሎ ጀልባን መለወጥስ ማጭበርበር አይሆንም?

መልስ፦ የመጨረሻውን ጥያቄዎን አስቀድሜ ልመልስ። ማጭበርበር የሚሆነው ለውጡን ከሠሩ በኋላ ሳያስታውቁ በአሮጌው ሰርተፍኬት መወዳደር ነው። በዓለም አቀፉ የሸራ ውድድር ሕግ መሠረት ጀልባዋ በሰርተፍኬቷ ላይ እንደ ተጻፈችው ሆና እንድትገኝ የማድረግ ኃላፊነት የባለቤቱ ነው፤ ስለዚህ ደቀሉን የቀየረ፣ ክብደት የቀነሰ ወይም ሸራ ያሳደገ ሰው አዲሱን መጠን አስመዝግቦ አዲስ ቁጥር እስኪያወጣ ድረስ መወዳደር የለበትም። ይህን ካሟላ ግን ደንቡን አንብቦ ጀልባን ለደንቡ እንድትመች አድርጎ ማበጀት የጨዋታው አንድ ክፍል ነው። እኛ ጅማዎች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም። ቡናው ደረጃ ሲወጣለት የተበላሸው ፍሬ እንደሚቆጠርና ሲኒው እንደሚቀመስ የሚያውቅ ነጋዴ፣ ለለቀማ የሚያወጣው ገንዘብ በደረጃው ይመለስለት እንደሆነ አስቀድሞ ያሰላል፤ በዚህም ማንም አይወቅሰውም። ጠጠር ቢቀላቅልበት ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ወደ ስሌቱ ልለፍ። የቁጥሩ አጻጻፍ አይ አር ሲ የሚባለው ሥርዓት መሆኑን ያመለክታል። በዚህ ሥርዓት ጀልባዋ ውድድሩን ለመጨረስ የፈጀችው ጊዜ በቁጥሯ ይባዛና የተስተካከለው ጊዜ ያነሰ ሆኖ የተገኘው ጀልባ ያሸንፋል። ሦስት ሰዓት የሚፈጅ ውድድር 10,800 ሴኮንድ ነው፤ በ0.905 ሲባዛ 9,774 ይሆናል። ቁጥሩ ወደ 0.900 ቢወርድ የተስተካከለው ጊዜ 9,720 ይሆናል፤ የተገኘው ትርፍ 54 ሴኮንድ መሆኑ ነው። ይሁን እንጂ ቁጥሩን ያወረደው ለውጥ ራሱ ጀልባዋን በ60 ሴኮንድ ቢያዘገያት 10,860 በ0.900 ተባዝቶ ተመልሶ ያው 9,774 ይመጣል። እንግዲህ አራቱም ባለንብረቶች በወረቀት ጽፈው ግድግዳ ላይ ሊለጥፉት የሚገባው ይህ ነው፦ በሦስት ሰዓት ውድድር 0.005 የምታህል የቁጥር ቅናሽ የአንድ ደቂቃ ዋጋ ብቻ አላት፤ ለውጡ ከዚያ በላይ ካዘገያቸው ከስረዋል።

ይህን እኔ በገዛ ገንዘቤ ተምሬዋለሁ። ውጭ አገር በኖርኩባቸው ዓመታት ቅዳሜ ቅዳሜ በምትወዳደር አንዲት ትንሽ ጀልባ ላይ ገመድ ጎታች ነበርኩ። አንድ ክረምት ስፒናከሩን፣ ማለትም ነፋስ ከኋላ ሲሆን ከፊት እንደ ፊኛ የሚነፋውን ትልቅ ሸራ፣ በትንሽ ስፒናከር ተክተን ቁጥራችንን አስቀነስንና እጅግ ብልጦች የሆንን መሰለን። በመጀመሪያው ውድድር ነፋሱ ደከመ። አዲሱ ሸራችን እንደ ረጠበ ነጠላ ተንጠልጥሎ ሳለ፣ ከኋላችን የነበሩት ትልልቅ ሸራ የያዙ ጀልባዎች አንድ በአንድ ድምፅ ሳያሰሙ አለፉን። መሪውን የያዘው ሰው ቃል ሳይናገር ቴርሞሱን ከፍቶ ሻይ ቀዳ። የተቀነሰልን ቁጥር ከጠፋው ጊዜ ግማሹን እንኳ አልመለሰልንም፤ በሚቀጥለው ሳምንት አሮጌውን ሸራ አስመልሰን አስመዘገብን።

በወንድምዎ ጀልባ ላይ ለመፍረድ ደግሞ አወላለዷን ማወቅ ያስፈልጋል። ኳርተር ቶን ጀልባዎች የተሠሩት ለአይ አር ሲ ሳይሆን ከ1970 እ.ኤ.አ. አካባቢ ጀምሮ ይሠራበት ለነበረውና የአሜሪካንና የእንግሊዝን የቀድሞ ደንቦች ላዋሐደው ለአይ ኦ አር ነው። ይህ ደንብ የጀልባዋን አካል በተወሰኑ ነጥቦች ላይ እየለካ ውጤቱን በጫማ ያወጣ ነበር፤ የኳርተር ቶን ጣሪያ መጀመሪያ ላይ 18 ጫማ ነበር፤ ይህ ደግሞ የጀልባዋ ትክክለኛ ርዝመት ሳይሆን ከቀመሩ የሚወጣው ቁጥር ነው። ነዳፊዎቹ ታዲያ ሜትሩ በሚያርፍበት ቦታ አካሏን አሳበጡ፣ የኋላዋን አጠበቡ። ከዚህ የከፋው ግን ደንቡ በቀላሉ ለምታጋድል ጀልባ የተሻለ ቁጥር ይሰጥ ስለነበር፣ ክንፉ ውስጥ ወደ ታች መውረድ የነበረበት ክብደት በብዙዎቹ ጀልባዎች ወለል ሥር መቀመጡ ነው። ወንድምዎ ጀልባዋ ከውኃ በወጣችበት ቀን ጎኗን በመዳፉ ቢዳስስ፣ ያለ ምክንያት ያበጠ የሚመስል ጉብታ ያገኝ ይሆናል። የግጭት ጠባሳ እንዳይመስለው፤ ከአርባ ዓመት በላይ ያስቆጠረ የሒሳብ ዘዴ ነው። በ1979 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ በሚነሣው የፋስትኔት የባሕር ውድድር 303 ጀልባዎች ተነሥተው በማዕበሉ 15 ተወዳዳሪዎች ሲሞቱና 24 ጀልባዎች ሰው አልባ ሆነው ሲተዉ፣ የትንንሽ የውድድር ጀልባዎች መረጋጋት በጥብቅ መመርመሩ አልቀረም። ጥፋቱ ሁሉ የደንቡ ነበር ብዬ አልፈርድም፤ ማዕበሉ ማዕበል ነበር። ሆኖም ለቁጥር ሲባል የጀልባን ሚዛን መንካት ምን ያህል ከባድ ነገር እንደሆነ ባነሣሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ይኸው ውድድር ነው።

ስለዚህ ከሦስቱ ሐሳቦች በጎ የምለው የሁለተኛውን ሰው ነው። አይ አር ሲ ጀልባዋ ምን ያህል ጥልቀት እንዳላትና ምን እንደምትመዝን ይጠይቃል እንጂ በጎኗ አጋድሎ መረጋጋቷን አይለካም፤ ይህን የሚያደርገው ኦ አር ሲ የሚባለው ሌላው ሥርዓት ነው። በዚህም ምክንያት ከወለል ሥር የነበረውን ክብደት አንሥቶ ከክንፉ ጫፍ ላይ በእርሳስ አምፖል መልክ ማውረድ፣ ጥልቀቱ ቁጥሩን ከፍ ቢያደርገውም፣ ብዙውን ጊዜ ከተከፈለበት በላይ ፍጥነት ይሰጣል፤ ጀልባዋ በጠንካራ ነፋስ ቀና ብላ ስለምትሄድ ሸራዋ ኃይሉን አያባክንም። የኳርተር ቶን ጀልባዎች ውድድር በ2005 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ካውዝ ላይ እንደገና ከተጀመረ ወዲህ፣ የእነዚህ አሮጌ ጀልባዎች ባለቤቶች ጉብታውን ሞርደው፣ ክንፉንና መሪውን ቀይረው ሲወዳደሩ ቆይተዋል። እዚህ ላይ ግን የእርስዎ ሙያ ይገባል። 400 ኪሎ እርሳስ ከወለሉ 1.2 ሜትር ዝቅ ብሎ ቢንጠለጠልና ጀልባዋ በጎኗ ብትተኛ፣ የክንፉ ብሎኖች በታሰሩበት ወለል ላይ ወደ 4,700 ኒውተን ሜትር የሚጠጋ ጉልበት ያርፋል፤ ክንፉ ከድንጋይ ጋር ሲላተም የሚመጣው ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ያ ወለል የተሠራው ለቀላል ክንፍ ነው። የጀልባ ነዳፊ ፈርሞ ያላጸደቀውን ክንፍ ለወንድምዎ አይፍቀዱለት።

የካርቦን ደቀሉን ለመጨረሻ ያቆዩት። ከላይ ክብደት መቀነሱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ዋጋው ከአሮጌዋ ጀልባ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል፣ ያ ገንዘብ ደግሞ ለብዙ ዓመት አዲስ ሸራ ይገዛል።

ሸራ ማሳነስን በተመለከተ፣ የእኔን ታሪክ አንብበው ሐሳቡን በሙሉ አይጣሉት፤ የሚያሳስበው የትኛው ሸራ እንደሚያንስ ነው። ከፊት የሚሰቀለው ትልቁ ሸራ ጄኖዋ ይባላል፤ ደቀሉን አልፎ ወደ ኋላ ይደርባል። ደቀሉን የማያልፈው ትንሹ ጂብ ይባላል (እንደ አውሬው አይነበብ)። ከጄኖዋ ወደ ጂብ መውረድ ቁጥሩን ይቀንሳል፣ በዞሩ ቁጥርም ሸራውን ከጎን ወደ ጎን ማሳለፍ ስለሚቀል ከአንድ ሰው ጉልበት ያድናል። ወንድምዎ በሚወዳደርበት አካባቢ ነፋሱ ደህና አድርጎ የሚነፍስ ከሆነ ይህ ሊያዋጣ ይችላል፤ ቀላል ነፋስ የሚበዛበት ቦታ ከሆነ ግን አይነካካው።

ከሦስቱም በፊት ግን ደንቡ ዋጋ የማያስከፍልበት ሥራ አለ፤ የጀልባዋ ሆድ። አጂፕ ላይ ላሜራ ሠሪ ጎረቤት ካለዎት ሥራውን በየቀኑ ያዩታል። የተጎዳው ቦታ በስቱኮ ይሞላል፣ ረጅም እንጨት ላይ በተወጠረ ብርጭቆ ወረቀት በሰያፍ ይፈገፈጋል፣ እጅ ዓይን ያላየውን ሞገድ እስኪያጣ ድረስ እንደገና ይሞላል፣ እንደገና ይፈገፈጋል። ጀልባም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ ስቱኮው ለውኃ ውስጥ የተሠራ ኢፖክሲ መሆኑ ነው። ጀልባዋ የምትመዘነው ያለ ሸራ፣ ያለ ነዳጅና ያለ ግል ዕቃ ስለሆነ፣ በየመሳቢያው የተከማቸውን መሣሪያ፣ ትርፍ ገመድና የታሸገ ምግብ ማውጣትም ማንንም አያስፈቅድም። በውኃ ውስጥ ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ የሚቆም ፕሮፔለር ካላትም ይመልከቱት፤ ደንቡ ለፕሮፔለሩ ዓይነት የተወሰነ ቅናሽ ቢሰጥም፣ ታጣፊው ብዙውን ጊዜ ከዚያ ቅናሽ የሚበልጥ ፍጥነት ይሰጣል።

የአይ አር ሲ ቀመር በምስጢር የሚያዝ መሆኑን ሲሰሙ እንደ መሐንዲስ እንደሚከፋዎት እገምታለሁ፤ በአይ ኦ አር ዘመን የሆነው እንዳይደገም ተብሎ ነው። ሆኖም ባለቤቱ ገና ያልሠራውን ለውጥ ጽፎ፣ ክፍያ ከፍሎ፣ የሙከራ ቁጥር ማስወጣት ይችላል። ወንድምዎ በጂብ አንድ፣ በአዲሱ ክንፍ አንድ፣ በሁለቱም አንድ የሙከራ ቁጥር ያስወጣና ይላክልዎ። ልዩነቱን በ10,800 ያባዙት፤ ፍርዱን ያን ጊዜ ይስጡ።

ጥያቄ፦ ሂርማታ ላይ በቡና ንግድ እተዳደራለሁ። ባለፈው እትም ስለ ኳርተር ቶን ጀልባዎች በጥቂቱ ጠቅሰው ነበር። ሩብ ቶን ማለት 250 ኪሎ ነው፤ ከአራት ጆንያ ቡና ብዙም የማይበልጥ ጀልባ አምስት ሰው እንዴት ይሸከማል?

መልስ፦ አይሸከምም፤ ስሙ ክብደቱን አይነግርዎትም። በ1899 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ በዘመኑ ቀመር «አንድ ቶን» ለሚባሉ ጀልባዎች የተሰጠ ዋንጫ ነበር፤ በ1965 ዋንጫው ለሌላ ዓይነት ጀልባ እንደገና ሲዋል ስሙ ቀረለት፤ ከዚያ ያነሱት ጀልባዎች ግማሽ፣ ሩብ እየተባሉ መጡ። ብዙዎቹ ኳርተር ቶን ጀልባዎች ከአንድ ቶን በላይ ይመዝናሉ። በእርስዎ ሚዛን ባለ 60 ኪሎው ጆንያ ሃያ ሆኖ ቢቆጠር 1,200 ኪሎ ነው፤ ከዚያ በታች አይጠብቁ።

ጥያቄ፦ በቂጦ ፉርዲሳ ግቢ የምንማር ስድስት ተማሪዎች የየራሳችንን ትንሽ ባለሸራ ጀልባ ከእንጨትና ከፋይበርግላስ እየሠራን ነው። መጠናቸው የተለያየ ስለሆነ ማን እንዳሸነፈ እንዴት እንወቅ? የሚለካልን ሰውም፣ ለሰርተፍኬት የምንከፍለው ገንዘብም የለንም።

መልስ፦ ለእናንተ የሚስማማው እንግሊዞች በትንንሽ ጀልባዎች የሚሠሩበት የፖርትስማውዝ ሥርዓት ነው፤ ጀልባን አይለካም፣ ያለፈ ውጤትን ብቻ ይመለከታል። ጊዜው በ1,000 ተባዝቶ ለጀልባዋ ቁጥር ይካፈላል፤ ቁጥሯ የበዛ ጀልባ ቀርፋፋ ናት ማለት ነው። የሕፃናቱ ኦፕቲሚስት ከ1,600 በላይ ሲይዝ፣ ሌዘር የሚባለው ያንድ ሰው ጀልባ 1,100 አካባቢ ነው። ከመካከላችሁ ፈጣኗን 1,000 በሉና ጀምሩ። እርሷ በ40 ደቂቃ ብትጨርስ 2,400 ሴኮንድ ነው። 1,250 የተሰጣት ቀርፋፋዋ በ48 ደቂቃ ብትደርስ 2,880 በ1,000 ተባዝቶ ለ1,250 ሲካፈል 2,304 ይወጣል፤ ዘግይታ የደረሰችው በ96 ሴኮንድ አሸነፈች ማለት ነው።

ቁጥሮቹን በየሳምንቱ አትለዋውጡ፤ ላሸነፈ ሁሉ ወዲያው ብታከብዱበት ከሁለት ወር በኋላ ሁላችሁም ሆን ብላችሁ ስትንቀራፈፉ ትገናኛላችሁ። ስምንትና አሥር ውድድር ካከማቻችሁ በኋላ ተቀምጣችሁ አስሉ። አንዱ ሸራውን ካሳደገ ወይም ክንፉን ከቀየረ ግን በዚያው ቀን ይናገር፤ ቁጥሩም አዲስ ውጤት እስኪገኝ ድረስ በግምት ይከርከም። ቦዬ ላይ ለመወዳደር ካሰባችሁ ደግሞ መነሻ መስመሩን ከመትከላችሁ በፊት ጉማሬዎቹ በየትኛው ዳርቻ እንደሚውሉ የአካባቢውን ሰው ጠይቁ፤ ሕይወት አድን ሰደሪያም ሳትለብሱ ውኃ አትግቡ።